ራምን ባዶ ማድረግ ኮምፒውተር አያፈጥንም፦ በቴሌግራም ለተዛመተው ምክር የተሰጠ ምላሽ

በጎንደር የኮምፒውተር ጠጋኞች፣ የጽሕፈትና ኅትመት ቤቶች፣ የፎቶና የቪዲዮ ስቱዲዮዎች የቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ ከሰሞኑ አንድ ጽሑፍ ደጋግሞ እየተላለፈ ነው። ኮምፒውተር ለምን እንደሚንቀራፈፍ ያብራራል፤ መፍትሔም ይሰጣል። አጻጻፉ ግልጽ ነው፣ ደረጃ በደረጃ ያሳያል፤ ብዙ ሰው ተከትሎ የሠራበትም ለዚህ ነው። ምክሩ ግን በአብዛኛው ስሕተት ነው። ከፊሉ ጊዜ ከማባከን ያለፈ ጉዳት የለውም። ከፊሉ ግን የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ ተከፍቶ ባለበት ማሽን ላይ ፕሮግራሙን ድርግም አድርጎ የሚዘጋ ነው። ጥምቀት ሲደርስ የስቱዲዮ ማሽኖች ቀን ከሌት ስለሚሠሩ፣ ነገሩ ከዚያ በፊት መልስ ማግኘት አለበት።

በመጀመሪያ ጸሐፊው የሚሉትን በትክክል ላስቀምጥ። መነሻቸው አንድ ነው፦ ኦፕሬቲንግ ሲስተም (ዊንዶውስ ወይም ሊኑክስ) ራምን፣ ማለትም በሥራ ላይ ያለ ነገር የሚቀመጥበትን ፈጣን ጊዜያዊ ማኅደር፣ የሚያስተዳድረው «በግምት» ነው፣ ግምት ደግሞ ይሳሳታል፣ ስለዚህ ባለቤቱ መሪውን ራሱ ይጨብጥ። ከዚህ ተነሥተው ነጻ ራም በበዛ ቁጥር ማሽን ይፈጥናልና በካሽ፣ ማለትም ዳግም ይፈለግ ይሆናል ተብሎ ራም ውስጥ በቀረ የፋይል ቅጂ፣ የተያዘውን አስለቅቁ ይላሉ። ለዚህም የራም ማጽጃ ፕሮግራም ጭናችሁ በየ10 ደቂቃው እንዲጠርግ አድርጉ፤ ራሙ 8 ጊጋባይትና ከዚያ በላይ ከሆነ ፔጅ ፋይሉን (ራም ሲጠብ ሲስተሙ ከራም የሚያወጣውን የሚያስቀምጥበትን የዲስክ ፋይል) ጨርሳችሁ አጥፉ፣ ኤስኤስዲን (የማይዞረውን ፈጣን ዲስክ) በመጻፍ ብዛት ይበላልና፤ የግድ ካስፈለገም የራሙን አንድ ተኩል እጥፍ ቋሚ መጠን ስጡት፤ የሜሞሪ ማመቂያውን (በራም ያለውን አጥብቦ የሚይዘውን) እና ሲስሜይን የተባለውን ሰርቪስ ዝጉ፤ መብራት ሲጠፋ በካሽ ያለ ሥራ አብሮ ይጠፋልና ካሽን ቀንሱ፤ በስልክም ከኋላ ያሉትን አፖች ጥረጉ ይላሉ።

ችግሩ እውነት መሆኑን አልክድም። ከውጭ አገልግለው የመጡ፣ 4 ጊጋባይት ራምና በደቂቃ 5400 የሚዞር ሃርድ ዲስክ ያላቸው ማሽኖች ላይ ወርድ፣ ፓወር ግእዝ፣ ፎቶሾፕና 15 ታብ ያለው ክሮም አንድ ላይ ተከፍተው ሲሠራ ደንበኛም ባለቤትም ይማረራሉ። ምሬቱ ልክ ነው፤ የታዘዘው መድኃኒት ግን ሌላ በሽታ ያመጣል።

«ግምት» የምትለውን ቃል አስቀድሜ ላንሣ፤ ጽሑፉ በሙሉ የቆመው እሷ ላይ ነውና። ሲስተሙ ራምን የሚከፋፍለው በትናንሽ ገጾች ነው፤ በተለመዱት ማሽኖች አንዱ ገጽ 4 ኪሎባይት ነው። ለእያንዳንዱ ገጽ በሠንጠረዥ ውስጥ አንድ መስመር አለ፤ በዚያ መስመር ላይ ደግሞ አንዲት ምልክት አለች። ፕሮሰሰሩ ገጹን በነካ ቁጥር ምልክቷን ያበራታል። ሲስተሙ ምልክቷን ያጠፋና ቆየት ብሎ ተመልሶ ያያታል። በርታ ካገኛት ገጹ ሥራ ላይ ነው፤ ጠፍታ ከቆየች ገጹ ተኝቷል። በእያንዳንዱ ዙር ሳትበራ የተገኘች ገጽ ዕድሜዋ ይጨምራል፤ ቦታ ሲጠብ መጀመሪያ የምትወጣው ያረጀችው ናት። እዚህ ላይ የሚደረገው ቆጠራ ነው፤ ማስረጃውንም የሚሰጠው ራሱ ፕሮሰሰሩ ነው።

እርግጥ ነው፣ ያለፈውን ቆጥሮ ስለሚመጣው መወሰን ከስሕተት ነጻ አይደለም። የአይቢኤሙ ላስሎ ቤላዲ በ1966 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ከሁሉ የተሻለው ምርጫ ወደፊት ለረጅም ጊዜ የማይፈለገውን ገጽ ማውጣት ነው፤ ያንን ለማወቅ ግን መጪውን ማየት ያስፈልጋል። ስለዚህ በሥራ ላይ ያለ ማንኛውም ዘዴ ወደዚያ ለመጠጋት የሚጥር ነው። ፒተር ዴኒንግ በ1968 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ሐሳብም እዚህ ላይ ያርፋል፦ አንድ ፕሮግራም በቅርብ ጊዜ የነካቸው ገጾች ስብስብ ቀጥሎ የሚነካቸውን በደንብ ያመለክታል፣ ያ ስብስብ ራም ውስጥ ካልገባ ማሽኑ ሥራውን ትቶ ገጽ ሲያመላልስ ይውላል። ጸሐፊው በዚህ ምትክ የሚያቀርቡት ሰው አንድ ቀን ቁጭ ብሎ የጻፈውን ቋሚ ቁጥር ነው። ሲስተሙ በየሰከንዱ እያየ ከተሳሳተ፣ ምንም የማያየው ቁጥር ከእሱ በምን ይሻላል?

ስለ ራም «ይበልጥ ከሰጠኸው ይበልጥ ይፈጥናል» የሚለው ሐሳብም ቢሆን የሚሠራው ከጀርባው ጥሩ የመምረጫ ዘዴ ሲኖር ነው። መጀመሪያ የገባ መጀመሪያ ይውጣ የሚል ቋሚ ደንብ ያለው ማሽን አስቡ። ፕሮግራሙ ገጾችን በዚህ ቅደም ተከተል ይጠይቃል፦ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 1፣ 2፣ 5፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5። ሦስት ቦታ ብቻ ሲኖር ከ12ቱ ጥያቄዎች 9ኙ ወደ ዲስክ ይሄዳሉ። ቦታውን አራት ስናደርገው 10 ይሆናሉ። ወረቀት ወስዳችሁ ቁጠሩት፤ ራም ተጨምሮ የዲስክ ጉዞ በዛ። ይህ ከ1969 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በቤላዲ ስም የሚታወቅ እንግዳ ነገር ነው፤ የመጣውም ደንቡ ማን በሥራ ላይ እንዳለ ሳያይ በተራ ብቻ ስለሚያስወጣ ነው።

ለጸሐፊው የሚከራከርላቸው ሌላ ነጥብ አለ፤ እሳቸው ባያነሡትም እኔ አነሣዋለሁ። «በቅርብ የተነካ ይቆይ» የሚለው ቀላል ደንብም ሞኝ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከባሕረ ጥምቀቱ የተቀረጸ 64 ጊጋባይት ቪዲዮ ከሜሞሪ ካርድ ወደ ዲስክ ሲገለበጥ እያንዳንዱ ገጽ አንዴ ብቻ ይነካል፣ ዳግመኛ አይፈለግም፤ ሆኖም «በቅርብ የተነካ» ስለሆነ ፎቶሾፑን ገፍትሮ ሊያስወጣ ይችላል። ራሳቸውን ከሁኔታው ጋር የሚያስማሙት ዘዴዎች የተፈለሰፉት ይህን ለማረም ነው። ሊኑክስ ገጾችን በሁለት ዝርዝር ይይዛል፤ አንዴ ብቻ የተነካው በመጠበቂያው ዝርዝር ቆይቶ ይወጣል፣ ደግሞ የተነካው ወደ ዋናው ያልፋል። በ2003 እ.ኤ.አ. የአይቢኤም ተመራማሪዎቹ ሜጊዶና ሞድሃ ያቀረቡት ዘዴ አንድ ርምጃ ይቀጥላል፤ በቅርቡ ያስወጣቸውን ገጾች ስም ይይዛል፣ ያስወጣው ገጽ ተመልሶ ከተጠየቀ ስሕተቱን ያውቅና የሁለቱን ዝርዝሮች ድርሻ ያስተካክላል። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. ከወጣው ሊኑክስ 6.1 ጀምሮ ደግሞ ገጾችን ከሁለት ይልቅ በብዙ ትውልድ የሚከፍል ዘዴ ገብቷል። ዊንዶውስም በተጠባባቂ ዝርዝሩ ላይ ስምንት የቅድሚያ ደረጃዎች አሉት፤ ዝቅተኛ ደረጃ ያለው ቀድሞ ይወጣል። ጸሐፊው «ይሳሳታል» ያሉት ሲስተም ስሕተቱን እየቆጠረ የሚታረም ነው።

አሁን ወደ ባዶው ራም። ታስክ ማናጀርን በኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ ክፈቱ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ ሜሞሪን ተጫኑ። ከታች ያለው አግድም ሣጥን በአራት ይከፈላል፦ በሥራ ላይ ያለ፣ ተቀይሮ ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈ፣ ተጠባባቂ፣ እና ፍጹም ባዶ። ተጠባባቂው ከዲስክ ተነቦ የተቀመጠ የፕሮግራምና የፋይል ቅጂ ነው፤ ጸሐፊው «ቆሻሻ» የሚሉት ይህንን ነው። ነገር ግን «አቬይለብል» በሚለው ቁጥር ውስጥ ተጠባባቂውም ባዶውም ተደምሮ ነው የሚታየው። ባለ 8 ጊጋባይት ማሽን ላይ አቬይለብል 3.2 እያለ ባዶው 0.2 ብቻ ቢሆን የጎደለ ነገር የለም። አዲስ ፕሮግራም ቦታ ሲጠይቅ የተጠባባቂው ገጽ ወዲያው ተሠርዞ ይሰጠዋል፤ ዋናው ዲስክ ላይ ስላለ የሚጻፍ ነገር የለም። የቅዳሜ ገበያ ነጋዴ ከመጋዘን አውጥቶ ፊት ለፊቱ የደረደረውን ጣቃ፣ ገዥ ለጊዜው ስላልመጣ ብቻ በየ10 ደቂቃው ጠቅልሎ ወደ መጋዘን አይመልስም፤ ሌላ ዕቃ ሲመጣ ያን ጊዜ ገፋ ያደርገዋል። በሊኑክስም «ፍሪ» የሚለውን ትእዛዝ ስትሰጡ ትንሽ ሆኖ የሚያስደነግጣችሁን ዓምድ ትታችሁ «አቬይለብል» የሚለውን አንብቡ፤ ሰው በዚሁ ስለሚሳሳት ነው ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት) ከ3.14 ጀምሮ ይህን ቁጥር አስልቶ የሚሰጠው።

የራም ማጽጃዎቹ ላይ ሰፋ አድርጌ ልቆይ፤ ብዙ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ነው። ሁለት ነገር ይሠራሉ። የመጀመሪያው እያንዳንዱን ፕሮግራም በሥራ ላይ ያሉ ገጾቹን ሁሉ እንዲለቅ ማስገደድ ነው። ቁጥሩ ወዲያው ይወርዳል፣ ማጽጃውም «1.8 ጊጋባይት ተለቀቀ» ብሎ በአረንጓዴ ይጽፋል። እውነቱ ግን ገጾቹ ራም ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ከአንድ ዝርዝር ወደ ሌላ ዝርዝር ነው የተዛወሩት። ፕሮግራሙ ቀጥሎ ሲነካቸው ማሽኑ አንድ በአንድ መልሶ ያገናኛቸዋል፤ በገጽ ማይክሮሰከንድ ገደማ ቢሆንም በመቶ ሺዎች ሲባዛ መዳፊቱን (ማውሱን) ስታንቀሳቅሱ የምታዩት ድንብርብር ይሆናል። የተቀየሩት ገጾች ደግሞ ወደ ፔጅ ፋይል ለመጻፍ ይሰለፋሉ፤ ጸሐፊው ኤስኤስዲን ከመጻፍ እናድን እያሉ የሚጽፍበትን ፕሮግራም ማስጫናቸው ነው። ከዚህ በላይ ደግሞ፣ ሁሉም ገጽ በአንድ ጊዜ ስለወጣ ሲስተሙ ማን ትኩስ ማን የተኛ እንደነበር የቆጠረው ቆጠራ ይጠፋል። በየ10 ደቂቃው ከዜሮ ይጀምራል ማለት ነው።

ሁለተኛው ሥራቸው ተጠባባቂውን ዝርዝር እውነተኛ በሆነ መንገድ መጣል ነው። ይህ የባሰ ነው። እናስላው። በደቂቃ 5400 የሚዞር ዲስክ አንድ ዙር ለመጨረስ 11.1 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ የተፈለገው ቦታ እስኪደርስ በአማካይ የዚያን ግማሽ ይጠብቃል፣ በዚያ ላይ የማንበቢያ ጭንቅላቱን እስኪያንቀሳቅስ ጊዜ አለ። ባንድ ላይ 14 ሚሊሰከንድ ብንል በሰከንድ 70 ያህል ንባብ ነው። የተጣለው 200 ሜጋባይት ከሆነ 51,200 ገጽ ነው። ገጾቹ ተበታትነው አንድ በአንድ ቢነበቡ 12 ደቂቃ ይፈጃል። እርግጥ ዊንዶውስ ተጎራባች ገጾችን አብሮ ስለሚያነብ በተግባር ከዚህ በብዙ ያጥራል፤ ያም ሆኖ «ካጸዳሁት በኋላ ወርድን ስነካው ይቆማል» የሚለው ቅሬታ ምንጩ ይኸው ነው። ኤስኤስዲ ላይ አንዱ ንባብ 100 ማይክሮሰከንድ ገደማ ስለሆነ ያው ሥራ 5 ሰከንድ ነው፤ ያነሰ ጉዳት እንጂ ጥቅም አይደለም። ራም ውስጥ ቢቀር ኖሮ እያንዳንዱ ንክኪ 100 ናኖሰከንድ አካባቢ ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባል የለ፤ ማጽጃው የሚያደርገው ያንኑ ነው፣ ያውም በየ10 ደቂቃው።

ማጽጃ የሚረዳበት አንድ ሁኔታ አለ ቢሉኝ እቀበላለሁ፦ ፕሮግራም ከፍቶ ከዲስክ የሚነሣበትን ፍጥነት በንጹሕ ሁኔታ መለካት የሚፈልግ ባለሙያ ከመለካቱ በፊት ካሹን ይጥላል። ለዕለት ሥራ ግን ቦታ የለውም።

ፔጅ ፋይልን ስለማጥፋት። የጽሑፉ አደገኛ ነጥብ ይህ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ የሠራ ይመስላል። ዊንዶውስ ለፕሮግራም ሜሞሪ ሲሰጥ ቃል ይገባል፤ ቃሉን መጠበቅ የሚችልበት ቦታ ከሌለ ደግሞ ቃል አይገባም። የቃሉ ጣሪያ ራምና ፔጅ ፋይል ሲደመሩ ነው። ታስክ ማናጀር ላይ «ኮሚትድ» በሚለው ሥር ሁለት ቁጥር በእዝባር (/) ተለይቶ ይታያል፤ ለምሳሌ ባለ 8 ጊጋባይት ማሽን ላይ 9.4 እና 12.8። የመጀመሪያው የተገባው ቃል፣ ሁለተኛው ጣሪያው ነው። ፕሮግራሞች፣ በተለይ ብራውዘሮች፣ ከሚነኩት በላይ ስለሚጠይቁ ቃሉ በሥራ ላይ ካለው ራም ሊበልጥ ይችላል። ፔጅ ፋይሉ ሲጠፋ ጣሪያው ከ8 በታች ይወርዳል፤ 9.4 የሚባል ነገር ከእንግዲህ አይቻልም። አቬይለብል 2 ጊጋባይት እያሳየ ፕሮግራም «ሜሞሪ አልቋል» ብሎ የሚዘጋው ለዚህ ነው። የሞላው ራሙ ሳይሆን ጣሪያው ነው፤ ፔጅ ፋይሉ ቢኖር ኖሮ ለዚህ አይነቱ ባዶ ቃል ዲስኩ ላይ አንድም ነገር ሳይጻፍ ያልፍ ነበር።

ሌላም አለ። ጸሐፊው ፔጅ ፋይል ሲጠፋ ወደ ዲስክ መመላለሱ ይቀራል ይላሉ፤ አይቀርም። ከጠዋት ጀምሮ ተከፍቶ የተረሳ ፕሮግራም የቀየራቸው ገጾች የሚሄዱበት ስለሌላቸው ራም ውስጥ ተቸክለው ይቀራሉ። ጫና ሲመጣ ሊወጣ የሚችለው ፋይል ላይ ዋና ቅጂ ያለው ብቻ ነው፤ ያ ደግሞ አሁን እየሠራችሁበት ያለው ፕሮግራም ራሱ ነው። ማሽኑ የተኛውን አቅፎ የሚሠራውን ያስወጣል፣ ከዚያ መልሶ ያነባል፣ ደግሞ ያስወጣል። ስዋፕ (የፔጅ ፋይል አቻ) የሌለው ሊኑክስ ላይ ጫና ሲበረታ መዳፊቱ ለደቂቃዎች ደርቆ የዲስኩ መብራት ሳያቋርጥ የሚበራው በዚህ ምክንያት ነው፤ በመጨረሻ ከርነሉ አንዱን ፕሮግራም ገድሎ ይገላገላል።

ኤስኤስዲ ይበላል ለሚለው ቁጥር እንጠቀም። በየሱቁ ከሚገኙት ርካሽ ባለ 240 ጊጋባይት ኤስኤስዲዎች መካከል አምራቹ እስከ 80 ቴራባይት ጽሑፍ ዋስትና የሚሰጥባቸው አሉ። ፔጅ ፋይል በቀን 10 ጊጋባይት ቢጽፍ፣ ይህ ለጽሕፈት ቤት ብዙ ነው፣ 8,000 ቀን ይሆናል፤ ወደ 22 ዓመት። በቀን 100 ጊጋባይት የሚጽፍ ማሽን ከሆነ ግን በ800 ቀን ይደርሳል፤ እዚህ ላይ ስጋታቸው ልክ ነው። እንዲህ ያለ ማሽን የሚፈልገው ግን ተጨማሪ ራም ነው። ሥራው ፎቶሾፕ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ፎቶሾፕ ከፔጅ ፋይሉ የተለየ የራሱ ስክራች ፋይል (ጊዜያዊ የሥራ ፋይል) አለው። ፔጅ ፋይሉን ብታጠፉ እሱ መጻፉን አያቆምም፤ የሚቀየረው በፎቶሾፕ ፕሪፈረንስ ውስጥ ነው።

አንድ ተኩል እጥፍ የሚለው ደንብ ራም ትንሽ በነበረበት ዘመን የመጣ ነው። 2 ጊጋባይት ላይ 3 ጊጋባይት ማለት ነው፣ ይሁን። 32 ጊጋባይት ላይ 48 ይሆናል፤ ባለ 240 ኤስኤስዲ ላይ አንድ አምስተኛውን በከንቱ መያዝ ነው። ብዙ ራም ያለው ማሽን ትንሽ፣ ትንሽ ራም ያለው ብዙ ፔጅ ፋይል ሲፈልግ ደንቡ የሚያዘው የተገላቢጦሹን ነው። እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምተውላቸው ነገር፣ በሃርድ ዲስክ ላይ ፋይሉ እያደገና እያጠረ እንዳይቆራረጥ መነሻውን ከፍ አድርጎ መወሰን ጥሩ ነው፤ ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ መነሻ 4,096፣ ጣሪያ 8,192 ሜጋባይት ብሎ መስጠት ይቻላል። ጣሪያው ከመነሻው ይብለጥ፤ ማሽኑ በጭንቅ ጊዜ የሚተነፍስበት ያ ነው።

ሜሞሪ ማመቅን በተመለከተ፣ ፕሮሰሰር ይጠቀማል ማለታቸው እውነት ነው። ግን ከምን ጋር ነው የሚነጻጸረው? አንድ 4 ኪሎባይት ገጽ ማመቅ በማይክሮሰከንዶች የሚቆጠር ሥራ ነው፤ 10 ማይክሮሰከንድ እንበለው። ዲስኩ ላይ ሄዶ መመለስ 14 ሚሊሰከንድ ነው፤ 1,400 እጥፍ። አሮጌ ፕሮሰሰር ሁለት ሦስት ጊዜ ቢዘገይ እንኳ ልዩነቱ አይጠብም። ዊንዶውስ 10 በ2015 እ.ኤ.አ.፣ ማክ በ2013 እ.ኤ.አ.፣ ሊኑክስም በዚያው ሰሞን ዚራምና ዚስዋፕ የተባሉ ማመቂያዎችን ይዘው የመጡት ለዚህ ነው። ጥቅሙ የሚቀንስበት ቦታ የቪዲዮ ስቱዲዮ ነው፤ አስቀድሞ የታመቀ ቪዲዮና ፎቶ ዳግመኛ አይታመቅም። የጽሕፈት ቤት ማሽን ላይ ግን ማመቂያውን መዝጋት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሲስሜይን ላይ ግማሽ መንገድ እስማማለሁ። ሰርቪሱ የተለመዱ ፕሮግራሞችን አስቀድሞ ከዲስክ ያነባል። 4 ጊጋባይት ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ ማሽኑ እንደተነሣ ዲስኩን 100 በመቶ ይዞ ሊቆይ ይችላል፤ እንዲህ ያለ ማሽን ላይ ዘግቶ መሞከር ነውር የለውም። ነገር ግን ጸሐፊው ያልነገሯችሁ፣ ሲስሜይን ሲዘጋ ማመቂያውም አብሮ ይቆማል። ዘግታችሁ ማሽኑን ካስነሣችሁ በኋላ ታስክ ማናጀር ላይ በሥራ ላይ ካለው ራም አጠገብ በቅንፍ ያለውን የታመቀ ራም ቁጥር እዩ። ከሰዓታት ሥራ በኋላም ዜሮ ከሆነ አንዱን አገኛችሁ፣ ሌላውን አጣችሁ።

መብራትን በሚመለከት ጸሐፊው ያነሡት ከጽሑፋቸው ሁሉ ክብደት ያለው ነገር ነው፤ ጎንደር ውስጥ የሚሠራ ሰው አይስቅበትም። መልሱ ግን ካሽን መቀነስ አይደለም። ከዲስክ ተነቦ የተያዘው ካሽ ቢጠፋ የሚጎዳ ነገር የለም፤ ዋናው በቦታው አለ። የሚያሳስበው ሴቭ ተብሎ ገና ዲስክ ላይ ያልተጻፈው ነው። ያ ደግሞ ረጅም አይቆይም፦ ሊኑክስ በተለመደው ቅንብሩ በየ5 ሰከንዱ ነቅቶ 30 ሰከንድ ያለፈውን ይጽፋል፣ ዊንዶውስም በየሰከንዱ ያልተጻፈውን በከፊል እያወረደ ይሄዳል። ደንበኛ «ሦስት ገጽ ጠፋብኝ» የሚለው ሴቭ ያልተደረገውን ነው፤ እሱ ካሽ ውስጥ ሳይሆን ወርድ ውስጥ ነበር። ወርድ ለማገገሚያ የሚያስቀምጠው ሳይነካ ከተተወ በየ10 ደቂቃው ነው፤ ኦፕሽን ውስጥ ሴቭ የሚለው ላይ ገብታችሁ 1 ወይም 2 አድርጉት። ፍላሽ ላይ የገለበጣችሁትን ደግሞ በተለይ ከሊኑክስ ማሽን ኢጀክት ሳትሉ አትንቀሉ። ለአምስት ደቂቃ እንኳ የሚይዝ ዩፒኤስ ከዚህ ሁሉ ይበልጣል፤ ይህን ጸሐፊውም በመጨረሻ አንድ መስመር ላይ ጠቅሰውታል፣ መነሻ ላይ ቢያደርጉት ይሻል ነበር።

ስለ ስልኩ አጭር ልሁን። አንድሮይድ ከኋላ ያሉትን አፖች ራሱ በቅድሚያ ተራ ይዞ ቦታ ሲጠብ ይዘጋቸዋል፤ ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ ደግሞ ከነጻው ራም ቁጥር ይልቅ ሥራ በሜሞሪ እጥረት ለምን ያህል ጊዜ እንደቆመ ለክቶ መወሰን ይችላል። የተጠረገ አፕ ዳግመኛ ሲከፈት ከባዶ ስለሚነሣ ባትሪም ጊዜም ይበላል። ደርቆ የቀረውን ወይም ባትሪ የሚጨርሰውን አንድ አፕ ለይቶ ማስቆም ግን ተገቢ ነው።

ምክሩን አስቀድማችሁ የሠራችሁ በዚህ ቅደም ተከተል መልሱት። መጀመሪያ የራም ማጽጃውን አራግፉ፤ ሌላው ሁሉ ተስተካክሎ እሱ ካለ መለካት አይቻልም። ቀጥሎ የሲስተም ፕሮፐርቲን ክፈቱ፣ አድቫንስድ፣ ፐርፎርማንስ ሴቲንግ፣ እንደገና አድቫንስድ፣ ቨርቹዋል ሜሞሪ ላይ ቼንጅ በሉ፤ ከላይ ያለችው «ለሁሉም ድራይቭ ራስህ አስተዳድር» የምትል ሣጥን ላይ ምልክት አድርጉ። ማመቂያውን በፓወርሼል ያጠፋችሁ፣ በአስተዳዳሪ ፈቃድ ያንኑ ትእዛዝ «ዲሴብል» የሚለውን «ኢኔብል» አድርጋችሁ ላኩ። ሲስሜይንን ከሰርቪሶች ዝርዝር ወደ አውቶማቲክ መልሱት። ማሽኑን አስነሡና የኮሚትድ ጣሪያ ከራሙ በላይ መሆኑን አረጋግጡ።

ከዚያ 20 ደቂቃ በተለመደው ሥራ ላይ አቆዩትና ሪሶርስ ሞኒተርን ከፍታችሁ ሜሞሪ ውስጥ «ሃርድ ፎልት» የሚለውን (ገጽ ከዲስክ የተነበበበትን ብዛት የሚያሳየውን) መስመር ተመልከቱ። ፕሮግራም ሲከፈት ለአጭር ጊዜ መዝለሉ የጤና ነው፤ ፕሮግራሙ ራሱ የሚነበበው በዚሁ መንገድ ነውና። በመቶዎች ላይ ወጥቶ ካልወረደ፣ ዲስኩም 100 በመቶ ላይ ከተጣበቀ፣ አቬይለብልም ከራሙ አንድ አሥረኛ በታች ከሆነ እውነተኛ የራም እጥረት ነው፤ ቅንብር አያድነውም። ራም ከመግዛታችሁ በፊት ሲስተም መረጃው ላይ ዊንዶውሱ 32 ቢት መሆን አለመሆኑን እዩ፤ 32 ቢት ከሆነ ከ4 ጊጋባይት በላይ ስለማይጠቀም 8 ብታደርጉትም ለውጥ አታዩም፣ መጀመሪያ 64 ቢት ይጫን። ታስክ ማናጀር ላይ ስንት የራም መሰኪያ ቀዳዳ እንደተያዘ ይታያል፤ አንዱ ክፍት ከሆነ ያለውን ሳትጥሉ በመጠንና በፍጥነት የሚመሳሰል ሁለተኛ ጨምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ ያለውን ቺፕ አውጥታችሁ ቮልቴጁን አንብቡ፤ 1.35 ቮልት ብቻ የሚቀበል ማሽን ላይ የ1.5 ቮልቱ ዲዲአር 3 ራም ቢገባ ማሽኑ ላይነሣ ይችላል።